ነጩ ሸራና ግራጫው መስመር

ሸራው ከወለል ተነስቶ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ነጭ ነው። ከነጭ ሌላ ያለው ነገር ከግርጌው የተሰመረ፣ አንድ ጣት የማይሞላ ግራጫ መስመር ብቻ ነው። የሣለው የቢሮ ባልደረባዬ ነው፤ በሰው አገር፣ ናካሴሮ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠናል። እሁድ ናጉሩ ወዳለው ቤቱ ምሳ ጠራኝ። ባለቤቱ ቆጮ ስላጣች በማቶኬ፣ በተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ፣ ያቀረበችውን ክትፎ ከበላሁ በኋላ ሥዕሉ ፊት አቆመኝና «ምን ይታይሃል?» አለኝ።

የታየኝ ሁለተኛ ዙር ቀለም የሚጠብቅ ግድግዳ ነበር። ግን የሰው ክትፎ ሆድ ውስጥ እያለ እንዲህ አይባልም። ባለቤቱም በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ «አመስግንልኝ» ማለቷ መሰለኝ። ስለዚህ አብስትራክት ሥዕል እናውቃለን የሚሉ ሰዎች እንደሚያደርጉት አገጬን ይዤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ብቸኝነት» አልኩ። «ነጩ ዝምታ ነው። ግራጫው ደግሞ ተስፋ ነው፤ ዝቅ ያለ ተስፋ።» ቅርጹንም አልማርኩትም፤ የመስመሩን ቀጥ ማለት ትዕግሥት ብዬ ተረጎምኩት።

እሱ «ይሁን» አለ።

ማክሰኞ ባለቤቱ ደወለች። «ወንድሜ፣ ምን አደረግኸኝ?» አለች። «ሥራ ትቼ ሠዓሊ እሆናለሁ ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ኪሱ ይዞ ይዞራል። ላስገባ፣ አላስገባ እያለ ነው። ያን ቀን የለመንኩህ እውነቱን ንገረው ብዬ ነበር። ሁለት ልጆች በእሱ ደመወዝ ነው የሚማሩት።»

አፈርኩ። በሚቀጥለው እሁድ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ተሳፍሬ ናጉሩ ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነውና፣ ዛሬ ክትፎው ሳይቀድመኝ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ልናገር ቆርጫለሁ።

«ስማ» አልኩት፤ «ባለፈው ዋሽቼሃለሁ። የታየኝ ግድግዳ ነው። ባዶ ግድግዳ።»

ተነስቶ አቀፈኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አንተ ብቻ አየህልኝ» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቴ የተገተረው የቢሯችን ግድግዳ እኮ ነው። ነገ ደብዳቤውን አስገባለሁ።»

ባለቤቱ ድስቱን መልሳ ከደነችው። እኔም ካባላጋላ ወርጄ መንገድ ዳር ሮሌክስ ገዛሁ፤ በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል ቆሜ በላሁ።

እሱ ከለቀቀ በኋላ ጠረጴዛው ለእኔ ተሰጠኝ። የተሻለ ብርሃን አለው ተብዬ ነው። ቀና ስል ነጭ ግድግዳ አለ፤ ከግርጌው ዱሮ ወንበር እየፋቀ ያሰመረው ግራጫ መስመር። ከኋላዬ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ የለም። ለካ ያን እሁድ ክትፎ በልቼ የቀባጠርኩት ውሸት አልነበረም።