የናስ መስቀልና የብረት ሚስማር

ሰው ሁሉ አዎ ሲል አይደለም ማለት ይቀናኛል። በዚያ ዘመን የደብረ ታቦር ካህናት ስለ ተዋሕዶ ሲከራከሩ ይውሉ ስለነበር የምቃወመው አጥቼ አላውቅም። የአጎቴ የእጅ መስቀል ከፋሲካ በኋላ አንገቱ ላይ ተሰበረ፤ ለማስጠገን እኔን መላካቸው ግን የቤተ ዘመዱ ጥፋት ነው።

አጎቴ ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ፈዝዟል። ከመምህራቸው ያገኙትን የናስ መስቀል በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነው የሚያውቁት። "በሌላ አልባርክም፤ የሰው እጅ የጨበጥሁ ይመስለኛል" አሉ። ለጳጉሜን ጸበል አጥቢያው ሁሉ ስለሚመጣ፣ እስከዚያ ደህና መሆን ነበረበት።

ንጉሡ መድፍ ወደሚያሠሩበት ወደ ጋፋት ይዤው ሄድሁ።

"ናስ አቅልጬ ላያይዘው?" አለኝ ባለ እጁ።

"ናስ ለጌጥ ነው። ጉልበት ያለው ብረት ነው። መሃሉን በስተህ የብረት ሚስማር ክተትበት።"

"እሰይ ደብተራ፣ ከሰሌን አተረፉልኝ!"

እዚያው አጠገባችን መድፉን ከናስ ያፈስሱት እንደነበር ልብ አላልሁም።

አጎቴ መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ናስና ብረት ይዋሐዳሉ?"

ተዋሕዶ የምትል ቃል ከሰማሁ ማን ሊያስቆመኝ! ስለ ሁለት ባሕርያት፣ ስለ አንድነት፣ እጄን እያወናጨፍሁ እስኪመሽ አስተማርኋቸው።

"እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሚስማሩ ነው" አሉ።

ክረምቱን ሙሉ መስቀሉ በየማለዳው ጸበል ውስጥ ሲነከር ከረመ። ነሐሴ ላይ አንገቱ ቀይ ውሃ ያለቅስ ጀመር፤ የሚሳለመው ሰው ነጠላ ላይ ምልክት ቀረ። አንዲት ሴት "ደም አነባ!" ብላ እልል አለች። ሁሉም ደም ሲል እኔ፣ እንደ አመሌ፣ ዝገት ነው አልሁ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ተቃውሞዬ እውነት ሆነ፤ "ዝገቱ ከየት መጣ?" ሲሉኝ ግን እርሻ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

የእኔ ማረሻ ስንት ዓመት እርጥብ አፈር ሲገለብጥ ኖሮ ዛሬም አለ። ያ ሚስማር ግን ናስ መሃል ተቀምጦ ውሃ ሲያገኝ በአንድ ክረምት አለቀ፤ ናሱን ምንም አልነካው። ሁለቱ ለየብቻቸው ደህና ናቸው። አብረው ሲረጥቡ ግን ብረቱን ብቻ ዝገት ይበላዋል።

በጳጉሜን፣ አጥቢያው ተሰልፎ ሳለ፣ የመስቀሉ ራስ ከአንገቱ ተቆርጦ የጸበሉ ገንቦ ውስጥ ጥልቅ አለ። አጎቴ እጃቸውን ሰድደው ራሱን አወጡ፤ ዳር ዳሩን ዳሰሱት፤ አወቁት። እጀታውን፣ የተበላው የሚስማር ቁራጭ እንደቆመበት፣ ወደ እኔ ዘረጉት።

"በል፣ ያንተን ወገን ያዝ።"

ከዚያ የቀረውን የናስ ራስ ጨብጠው ሕዝቡን ሁሉ ባረኩ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግንባሬን ከሌላው ሰው ትንሽ ጠንከር አድርገው መቱኝ።