በየትኛው እግሩ

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን በጉልበት ቅባት ፋቅሁት።

በአጭሩ የነገርኩህ ቶሎ ስቀህ እንድትጨርስ ብዬ ነው። ልጄ የጥርስ ሳሙናውንና የጉልበት ቅባቴን መታጠቢያ ቤት መስተዋቱ ሥር ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። መነጽሬ እንደ ልማዱ ሳሎን ቀርቷል። አንዱን አንስቼ ብሩሹ ላይ ጨመቅሁና በትጋት ፋቅሁ። መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለኝ፤ «ምነው ዛሬስ ደህና ሳሙና ገዝታለች» ብዬ ሳደንቅ አፌ ውስጥ እሳት ተነሣ። እንባዬ እየወረደ ስጮህ ልጄ ሮጣ መጣች፣ ቱቦውን አየች፣ ከዚያ ሳቋ አላስቆም ብሏት በሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ያመመህ ጥርስህ ነው ጉልበትህ?»

«ያው ነው፤ ሁለቱም እየለቀቁኝ ነው» አልኳት።

እየሳቀች ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ደግሞ ስጉመጠመጥ፣ ስተፋ፣ እንደገና ስጉመጠመጥ ቆይቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ማቃጠሉ በረደ፤ ሽታው ግን አልወጣም። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የጋሼ እጅ ሽታ ነው።

ጋሼ የምላቸው የሠፈራችንን የኳስ ቡድን ያሠለጥኑ የነበሩትን ሰው ነው። አብነት ሠፈር ውስጥ አንዲት በር ያላት የጫማ መስፊያ ሱቅ ነበረቻቸው። የሰው ጫማ ሰፍተው ሲጨርሱ የእኛን ታኬታ ይሰፋሉ፣ የተቀደደ ኳሳችንን ይጠግናሉ፣ የተመታ እግራችንን ያሻሉ። እጃቸው ሁልጊዜ ቆዳ ቆዳ፣ ማስቲሽ ማስቲሽና ቅባት ቅባት ይሸት ነበር። ሜዳችን ደግሞ እዚሁ ነበር፤ አሁን ከበረንዳዬ ሥር መኪና የሚቆምበት፣ ከዚያ ወዲያ ባቡሩ እየተንሿሿ የሚያልፍበት ቦታ። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃው ከላይ ይደርቅና ከሥር እርጥብ ይሆናል። ስንሮጥበት ልክ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይሰነጠቅ ነበር።

ቡድናችን የነበረው አንድ ዙር ማሊያ ብቻ ነው። ጋሼ ጆንያ ውስጥ ያኖሩታል። ቁጥሮቹን ከጨርቅ ቆርጠው ራሳቸው ነው የሰፉዋቸው። ውድድር ከመጀመሩ በፊት ከሌላ ሠፈር ጋር አንድ የወዳጅነት ጨዋታ እናደርጋለን፣ ከዚያ በኋላ ጆንያው ተከፍቶ ፍርድ ይሰጣል። ንግግር የለም። «ማሊያህን ቤት ወስደህ እጠበው» ካሉህ ዓመቱን ሙሉ ያንተ ነው። «ጆንያ ውስጥ ክተተው» ካሉህ ግን ከሕዝቡ ጋር ሆነህ ታጨበጭባለህ። እናቶች ሳይቀሩ ያውቁታል። በማግስቱ ማሊያው የማን ገመድ ላይ እንደተሰጣ አይተው፣ ልክ ልጅ እንደተዳረላት ሁሉ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላሉ። የእኔ እናት አሥር ቁጥርን ስታሰጣ ቁጥሩን ወደ መንገድ ታዞረው ነበር፣ ከልደታ ማርያም የሚመለስ ሰው ሁሉ እንዲያነበው።

አሥር ቁጥር የእኔ ነበር። ኳስ አከፋፋይ ነበርኩ፤ አጥቂ የሚሮጠው እኔ በላክሁለት ነው። በዚያ ክረምት መጨረሻ ጉልበቴን ጎዳሁት። ለልጆቼ «ተከላካይ መትቶኝ ነው» ብያቸዋለሁ፣ አንተም እንዳትነግርብኝ። እውነቱ፣ አንዲት ልጅ እያየችኝ መስሎኝ አጥር ስዘል ነው። ልጅቷ አላየችኝም። ያየኝ ውሻው ነው።

እያነከስኩ ልምምድ ለማየት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ጥቁር ኮቱን አውልቆ የጎሉ ቋሚ ላይ ሰቀለው። ጋሼ ከመሐል ሜዳ ሆነው ጮኹ።

«አንተ ረጅሙ! ተገትረህ የምትቀረው ምን ልትጠብቅ ነው? ተንቀሳቀስ እንጂ!»

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ኮቱን «ረጅሙ» እያሉ ቀለዱበት። ጋሼም ሳቁ። ግን ከሁሉም በኋላ፣ ትንሽ ዘግይተው ሳቁ። ያቺን መዘግየት እኔ አየኋት።

ልጆቹ ሲበተኑ ጠሩኝ። ኳሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ስፌቷን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

«አየኸኝ አይደል?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ኮቱን።»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ከቅርብ ጥላ ጥላ ይታየኛል፤ ራቅ ያለው ጉም ነው። ለማንም እንዳትናገር። ዓይኔን ካወቁብኝ ቡድኑን ነገ ይበትኑታል። የቅዳሜው ጨዋታ ላይ ከጎኔ ትቀመጣለህ። አንተ ታያለህ፣ እኔ አስባለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ያንተ ቦታ ላይ ጩጬውን ነው የማስገባው። እንዴት እንደተጫወተ ትነግረኛለህ። የሆነውን ብቻ።»

ጩጬው የአብነት ልጅ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ። እንግዲህ አስበው፤ ማሊያዬን ሊወስድብኝ የመጣውን ልጅ፣ ዓይናቸው ለማያይ ሰው፣ እኔው ልመዝነው ነው። እናቴ ማሊያውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ለጊዜው አውሰው፣ ጉልበትህ እስኪድን ነው» አለችኝ። ለልጁ በእጄ አስረከብኩት። ትከሻው ላይ ሰፋው፤ ልቤ በጣም ደስ አላት።

ቅዳሜ ከሰንጋ ተራ ልጆች ጋር ተጋጠምን። ፀሐዩ ገና የክረምት ውሃ ያለበት ዓይነት፣ ነጣ ያለ ፀሐይ ነበር። የአብነትና የልደታ ሰው ሜዳውን ከቦታል። ጋሼና እኔ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ጩጬው ኳስ አገኘ» አልኩ። «ተቀማ።»

«ለምን?»

«ካገኘ በኋላ ነው ዙሪያውን የሚያየው።»

«እም። ቀጥል።»

እንደገና ተቀማ። ሦስተኛውን ለሰንጋ ተራ አጥቂ አቀበለና ጎል ገባብን። ይህንን ስነግራቸው ድምፄ ውስጥ ዘፈን ነገር ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉኝ። ከዚያ ግን ልጁ ሌላ ሆነ። ኳስ ሳይመጣለት አንገቱን ዘወር፣ ዘወር ያደርግ ጀመር።

«አሁን ቀድሞ ያያል ጋሼ። ወደ ቀኝ መስመር ላካት፣ ረጅም፣ ልክ አጥቂያችን እግር ሥር።»

«በየትኛው እግሩ?»

«በግራው።»

ሁልጊዜ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ልጁ አቀበለ ስል «በየትኛው እግሩ?»፣ አለፈው ስል «በየትኛው እግሩ?»። በእግሩ ነበር ሰውን የሚያውቁት፣ ጫማ ሰፊ አይደሉ።

በግራው በላካት ኳስ አንድ ለአንድ ሆንን። እረፍት ላይ ሌሎቹ ብርቱካን ይመጥጣሉ፤ እሱ ብቻውን ወደ ቧንቧው ሄደ።

«ጩጬው የት ነው?» አሉኝ።

«ፊቱን ይታጠባል።»

«አልጠጣም?»

«አልጠጣም። ረመዳን ነው።»

«እንግዲያው ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይደክማል» አሉ። «ሲደክም ምን እንደሚያደርግ በደንብ እይልኝ። ተጫዋች የሚታየው ያኔ ነው።»

አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። «ይፈራል ጋሼ» ብል አበቃ፣ ማሊያው ወደ እናቴ ገመድ ይመለሳል። አላልኩም። ቅዱስ ነበርኩ ብለህ ግን እንዳታስብ። ሰውዬው ዓይናቸው ነው እንጂ የደከመው ጆሯቸው የድመት ነበር፣ ሜዳውን የከበበው ሰው ደግሞ ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ያጨበጭባል። ደግሞም፣ እንዴት ልበልህ፣ እየተናገርኩ ስሄድ ማየት ጀመርኩ። ሜዳው ውስጥ ሳለሁ የማየው ኳሷን ብቻ ነበር። ያን ቀን፣ ለሌላ ሰው ሳይ፣ ጨዋታውን አየሁት። ልጁ እኔ ሦስት ዓመት ተምሬ ያልገባኝን ነገር ነው የሚሠራው።

«ደከመ ጋሼ» አልኳቸው ወደ መጨረሻው። «እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያርፋል። ግን አንገቱ አልቆመም፤ አሁንም ያያል።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። የማያይ ዓይናቸውን ወደ ሜዳው አድርገው፣ እንደሚያዩ ሰው ፈገግ አሉ።

ከዚያ ያቺ ኳስ መጣች። ዳኛው ሰዓቱን ማየት ጀምሯል። ጩጬው ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ቆሟል። ምን እንዳደረገ ሳየው ዘልዬ ተነሣሁ፣ ደህና ጉልበት እንዳለው ሰው ሽቅብ ዘለልኩ። ስወርድ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ኳስ መጫወት ያቆምኩት በዚያች ዝላይ ነው፤ ማሊያዬን ለወሰደብኝ ልጅ ስዘል።

ሰው ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ጋሼ እጄን ጨምድደው ይዘዋል።

«ምን አደረገ? ንገረኝ፣ ምን አደረገ?»

«ጎል ነው ጋሼ።»

«ጎል መሆኑንማ ሰማሁ። እንዴት?»

በአንድ ትንፋሽ የሚነገር አልነበረም። ጉልበቴን ነው ያመመኝ ብዬ አመካኘሁ። «በኋላ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ጆንያው ተከፈተ። ጋሼ የእያንዳንዱን ማሊያ ጀርባ በጣታቸው እየዳበሱ ፈረዱ፤ ልጆቹ የስፌቱን ጥንካሬ የሚያዩ መሰላቸው። ጩጬው ተራው ሲደርስ ጭቃ የጠጣውን አሥር ቁጥር አጣጥፎ ወደ እኔ መጣ፣ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ይኸው፣ ያንተው ነው» አለኝ።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ማን ይጠበው?»

«እሱ ይጠበው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

ክንዴን ትንሽ ይዘው ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጩጬ፣ ማሊያህን ቤት ወስደህ እጠበው።»

በማግስቱ እናቴ አንሶላ አጥባ አሰጣች። ምንም አልጠየቀችኝም። በመንገድ በኩል ያለውን የገመዱን ጫፍ ግን ባዶውን ተወችው። አልጋ ላይ ሆኜ በመስኮት አየዋለሁ፤ ጉልበቴ እንደ ዱባ አብጦ፣ መነሣት አልቻልኩም።

ጩጬው ሊጠይቀኝ መጣ፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቅባት ይዞ።

«ጋሼ ናቸው የላኩልህ። ‹የመጨረሻዋን ኳስ ዕዳ አለብህ፣ ሲሻልህ ሱቅ ና› ብለዋል። ምን ማለታቸው ነው?»

«እኔ እንጃ። ሽማግሌ ነገር።»

ትንሽ ተቁነጠነጠ። «ስለ እኔ ምን አልካቸው?»

«ጆሮው ትልቅ ነው አልኳቸው።»

ሳቀ። ያን ቅባት እሱ ራሱ አሻሸልኝ፣ ቤቱ ሁሉ ጋሼ ጋሼ ሸተተ።

በከዘራ መራመድ ስችል በቀጥታ አብነት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምነግራቸው እየተለማመድኩ ነበር፤ ከየት ልጀምር፣ የቱ ላይ ቆም ብዬ ላጓጓቸው። ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለዓይናቸው ጠበል ወሰዷቸው» አለኝ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲያዩ።»

አልተመለሱም። እዚያው ጠበሉ አጠገብ መቀበራቸውን የሰማነው በሌላ ክረምት ነው። ሱቋ መጀመሪያ ሻይ ቤት ሆነች፣ ከዚያ ፈረሰች። ጩጬውም ባለፈው ክረምት አረፈ። ፂሙ ነጭ ሆኖ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ እኔ ብቻ ጩጬ እያልኩት። በየጊዜው እንገናኝ ነበር፣ ስንገናኝ ግን እንቀልዳለን እንጂ ስለዚያች ኳስ አንጠያየቅም። ጊዜ የሚያልቅብን አልመሰለንም ነበር።

እንግዲህ ኳሷ እንዲህ ነበረች። ከግራ መስመር ዝቅ ብላ መጣች። ሁለት የሰንጋ ተራ ተከላካዮች ከኋላው ተጠግተውታል። ጩጬው ወደ እኛ አየ። ወደ ጋሼና ወደ እኔ፣ እምልልሃለሁ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ዓይኑን ከእኛ ሳይነቅል ኳሷን በተረከዙ ወደ ኋላ ሰደዳት። በሁለቱ ተከላካዮች መሐል አለፈች፣ አጥቂያችን ብቻውን በረኛው ፊት ተገኘ። ጭቃው ሲፈነጥቅ፣ ማሊያው ትከሻው ላይ ሲንሸራተት፣ ሁሉም ይታየኛል።

ተረከዙ ግን የቀኝ ይሁን የግራ ጠፋብኝ።

ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ፣ አፌ ቅባት ቅባት እየሸተተ፣ ሞከርኩት። ጀርባዬን ለባቡሩ ሰጥቼ ብረቱን ያዝኩና ቀኜን ወደ ኋላ ላክሁ። ትክክል መሰለኝ። ግራዬን ላክሁ፤ እሱም ትክክል መሰለኝ። ከታች የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ አንጋጦ ያየኛል።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ምን ጠፋብዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ኳስ እያቀበልኩ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ዕዳዬ ይህችው ናት። ለአንተ ነገርኩህ፣ ለጋሼ ግን እንዲህ አይነገርም። ገና «በተረከዙ» ከማለቴ ክንዴን ይይዙና ያችኑ ይጠይቁኛል።