በታናሽ ወንድማቸው የተላኩት መካኒክ

አማካሪዋ ሰዎች በሥራቸው ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ በጥያቄ እየረዳች ራሳቸው እንዲያገኙት ታደርጋለች። ሥራዋን ትወዳለች፤ የአንድ ሰው ነገር ግን ዛሬም ያንገበግባታል።

ሰውየው ፀጉራቸው የሸበተ መካኒክ ነበሩ። የሚሠሩበት ጋራዥ ባለቤት ታናሽ ወንድማቸው ነው። «ወንድሜ ሠራተኛ ላይ መጮኽ ያበዛል፤ እባክሽ መላ ፈልጊለት» ብሎ ወደ እሷ ላካቸው።

መጡና ግሪስ ያልለቀቀው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ጠዋት ጠዋት ከሠራተኞቹ ጋር ቢነጋገሩስ?» አለቻቸው።

«እሺ።»

«ቁጣውንም ብንቀንሰው?»

«እሺ።»

እሺታው የአንገት በላይ መሆኑን ፊታቸው ይናገር ነበር። እሷ ግን ከልብ መስሏት ዕቅዱን ደረደረችው።

አንድ ጠዋት ባስጠናቻቸው መሠረት ሠራተኞቹን ሰብስበው ማመስገን ጀመሩ። «ዛሬ ደግሞ ጋሼን ምን ነካቸው?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። መካኒኩ ቱታቸውን አውልቀው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ከወንድማቸውም ጋር ተኳረፉ።

ከዓመት በኋላ ሌላ ሰፈር ውስጥ መኪና ሲጠግኑ አገኘቻቸውና ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ?» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «በእጄ ያሳደግሁት ልጅ አስተማሪ ሲቀጥርልኝ ሆዴ አሮ ነበር። ‹ፈልገው ነው የመጡት?› ብትዪኝ ኖሮ፣ እሱን እነግርሽ ነበር።»



አሁን ማንም ሲመጣ ዕቅድ ከማውጣቷ በፊት ያንን ትጠይቃለች። «አይ፣ አለቃዬ ልኮኝ ነው» ካሏት የዕቅድ ወረቀቷን ገፋ አድርጋ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ታዳምጣለች። ወንድማማቾቹ ግን እስካሁን አይነጋገሩም።