የጾመኛዋ አህያ ካሴት

እኔ አርፌ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ» ትለኛለች፤ ሐሰት የለበትም። ደሴ በምሠራበት ቢሮ ወንበሬ ላይ የምቆይበት ጊዜ ኮሪደር ላይ ከምመላለስበት ያንሳል፤ አለቃዬም ተስፋ ቆርጦ ትቶኛል። ባለፈው ዓመት አባቴ ሞቶ ለአርባው ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ስገባ ደግሞ ባሰብኝ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይኼኔ ነው። ድንኳን ሳስፈርስ፣ የተዋስነውን ድስት በየቤቱ ስመልስ ውዬ እንኳ እግሬ አልደክም አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ቀኝ ጆሮዋን ያዘች።

«ይኼኛው ተዘግቷል» አለች። «ግራውም እየሄደ ነው። ጤና ጣቢያ ያየኝ ልጅ ብዙ አይቆይም ብሎኛል። የአባትሽ ድምፅ ደግሞ እየራቀኝ ነው። ፊቱ ይመጣልኛል፤ ድምፁ ግን እምቢ አለኝ። ጆሮዬ ሳይዘጋ ያንን ካሴት ፈልጊልኝ።»

ደንግጬ ተነሣሁ። «የቱን ካሴት?»

«አውቀሽ አትጠይቂኝ! የአህያዋን ነዋ።»

በቤታችን የዚያ ካሴት ስም ከተነሣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዳይነሣ ያደረገችውም እሷው ራሷ ናት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ ገበያ በሚያስገባው መንገድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ይጠግናል፤ አፉ ግን ከመኪናው ይፈጥናል። ብቻውን አራት ሰው ይሆናል፤ ዳኛውን፣ ከሳሹን፣ ተከሳሹን፣ ሲያስፈልግም አህያዋን። ሱሪው ሳይቀደድ የሚመጣ ደንበኛ ነበረው። አንድ አመል ግን ነበረበት፤ «እህ» የሚለው ከሌለ አንዲት ቃል አይወጣውም። እኛ አገር ወግ የሚያወራ ሰው ቆም ሲል ሰሚው «እህ» ይለዋል፤ ሰማሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። ካልተባለ ተናጋሪው ይቀየማል፤ ለግድግዳ ነው እንዴ የማወራው ይላል።

የአባቴ «እህ» ባይ እናቴ ነበረች። ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ እየሰፋች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ ትለዋለች። አንዱ «እህ» ጥያቄ ነው፤ አንዱ ማጣደፊያ ነው፤ አንዱ ደግሞ «ቀጣፊ!» እንደ ማለት ነው። የትኛውን እንዳለችው ሰምቶ ነበር እሱ ቀጣዩን የሚያመጣው። ሰው የሚስቀው በእሱ ቢሆንም ልኩን የምትሰጠው እሷ ነበረች።

ከወጉ ሁሉ የሚወደደው የጾመኛዋ አህያ ነበር። አንድ የወግዲ ገበሬ አህያህ የጎረቤትህን ገብስ በላች ተብሎ ይከሰሳል። «ጌታዬ ዳኛ» ይላል ገበሬው፣ «በላች የተባለው ዓርብ ነው። የኔ አህያ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች።» እህ? «ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ እንዳይቀየሟት ብላ ረመዳንንም ትይዛለች።» እህ! ዳኛው ተቆጥቶ «ጾሙን ማን አስተማራት?» ሲለው ገበሬው ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እኔው ነኝ፣ ጌታዬ። የምሰጣት ሳጣ ጊዜ ለመደችው» ይላል። እዚህ ላይ እናቴ «እህ» አትልም፤ ቁልፉን ጥላ ትስቃለች። ሳቋ ከበረንዳው አልፎ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር።

የሚያጫውት ቴፕ አይተን ነበር፤ ድምፅ የሚቀዳውን ግን ወደ ከተማችን መጀመሪያ ያመጣው አንድ ባለ ሻይ ቤት ነጋዴ ነው። ሰዉ እየተጋፋ ስሙን ያስቀዳና መልሶ ሲሰማው «ይኼ እኔ አይደለሁም!» እያለ ይከራከር ነበር። ነጋዴው አባቴን «ወግህን ልቅዳው፤ ሻይ ቤቴ ይሞላልኛል» አለው። አባቴና እናቴ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው፤ መቼ ቀርቼ አውቃለሁ! ነጋዴው ግን እናቴን በሩ ላይ አስቆማት።

«ይኼ ዕቃ ትንፋሽ እንኳ አያልፈውም። አንቺ ደግሞ ትስቂያለሽ፤ ያበላሽብናል።»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ መሬት መሬት አየ። በሩ ተዘጋ። እኔና እሷ ውጪ ድንጋይ ላይ ቀረን፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እኔ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ። ከውስጥ ምንም አልተሰማንም።

ካሴቱ እየተባዛ በየሻይ ቤቱ ገባ። አባቴ ቆም ባለበት ቦታ ሁሉ ሻይ ጠጪው በአንድ አፍ «እህ!» ይል ጀመር፤ ጨዋታው እንዲያ የተሠራ መስሏቸው ነው። አንድ የገበያ ቀን እናቴ ዘምቢል ይዛ ስታልፍ ይኼን ሰማች። ሻይ ቤት ሙሉ ወንድ የእሷን ቃል ሲል! አባቴ እሷን አስወጥቶ እነሱን የቀጠረ ነው የመሰላት። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ አላለፈችም፤ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ የመጀመሪያውን ካሴት፣ ቅጂዎቹ ሁሉ የወጡበትን፣ ይዞላት መጣ። «እንቺ፣ ስሚው» አላት። «ቤቴ እንዳይገባ!» ብላ ከእጁ መንትፋ ግቢው ላይ ወረወረችው። አንሥቶ በኮቱ እጅጌ ጠራረገው፤ ሄዶም ለነጋዴው መለሰለት። አንዲት ቃል አላስረዳም። ለአራት ሰው የሚናገር አፍ ለራሱ ሲሆን ምን ዘጋው? ነፍሱን ይማረውና በዚህ በዚህ እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ።

እናቴ ከጎኑ መቀመጧን አልተወችም። ቁልፉንም ትሰፋለች። «እህ» ማለቱን ግን ተወች። አባቴ አንድ ሁለቴ ሞከረ፤ ጀመረ፣ ቆም አለ፣ ጠበቃት። ከዚያ እሱም ተወው። በረንዳችን ላይ የሚሰማው የስፌት መኪናው ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ይኼን ካሴት ነው ፈልጊልኝ የምትለኝ። ፈቃዴ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ኔትወርኩ እንደዚያው። መጀመሪያ «ወግዲ ያለ አንድ አስተማሪ ቅጂው አለው» ተባልኩና ወግዲ ወረድኩ። እውነትም አለው። አፈላልጎ ሲያወጣው በላዩ የእህቱን ሠርግ ቀድቶበታል፤ እልልታ ብቻ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካሴት ግን የያዘውን ይለቃል። አስተማሪው አፍሮ ምሳ ካልበላሽ አለኝ፤ እኔ ግን እግሬ በር ላይ ነበር። ነጋዴው እንደሞተ፣ ባለቤቱ ግን አጅባር ልጃቸው ዘንድ እንዳሉ የነገረኝ እሱ ነው።

አጅባር ለመድረስ ሁለት መኪና ቀያየርኩ። ወገቤን ሳዞር፣ እግሬን ስሰድና ስሰበስብ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «ልጄ፣ የሚሄደው መኪናው ነው፤ አንቺ መሄድ የለብሽም» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን የእናቴ ግራ ጆሮ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ዛሬ ጠዋት ስጠራት የሰማችኝ በሁለተኛው ነው ወይስ በሦስተኛው እያልኩ እቆጥራለሁ።

የነጋዴው ባለቤት ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አልተገረሙም።

«አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ» አሉኝ። «ሰውዬው፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይቺን የነካ ወዮለት ይል ነበር። የሰው አደራ ናት ይል ነበር።»

ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ስበው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ። በላዩ በእስክሪብቶ «አህያዋ፣ የመጀመሪያው» ተብሎ ተጽፏል። ቴፕ የላቸውም። ምን እንዳለበት ቢጠየቁም አያውቁም፤ ያን ቀን ጓዳ ሻይ ሲያፈሉ ነበር። ስወጣ እጄን ይዘው «እናትሽን አፉ በይን፣ ይቅር በይን በያት» አሉ። «በሩን የዘጋው የኔ ባል ነው።»

ካሴቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ዳሰስኩት። ባዶ ቢሆንስ? እልልታ ቢሆንስ? እዚያው ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ብሮጥ የምቀድም ይመስለኝ ነበር።

መካነ ሰላም አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ ሱቁ ሁለት እርምጃ ብትራመድ ያልቃል። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ቴፕ አወጣ፣ የባትሪ ድንጋይ ገጠመለት። ላልቶ የነበረውን ክር በእስክሪብቶ አጠነጠነው። እናቴን አምጥቼ ግራ ጆሮዋ ወደ ቴፑ እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኳት። ጠጋኙ ተጫነው።

መጀመሪያ ሹ የሚል ብቻ ነው። ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ፣ ከዚያ የነጋዴው ድምፅ፦ «ጀምር፤ እየዞረ ነው።»

«እሷን አስገባልኝ» አለ አባቴ።

ወይ ጉድ! ይኼን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ቅጂዎቹ ሁሉ የሚጀምሩት «ጌታዬ ዳኛ» ከሚለው ነበር፤ ነጋዴው ሲያባዛ መግቢያውን ቆርጦታል።

«ትስቃለች አልኩህ እኮ! ክሩ እያለቀ ነው።»

«እሷ እህ ካላለችኝ ወጉ አይመጣልኝም።»

«እንግዲያው ይቅር ልበላ?»

ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ። ከዚያ አባቴ፣ በዚያ የሠላሳ ዓመት ሰው ድምፁ፣ «እሺ» አለ። «ግን የእሷን ቦታ ባዶ እተውላታለሁ። ቤት ስወስደው ራሷ ትሞላዋለች።»

እናቴ እጇን ዘረጋች። «ምን አለ? መልሺው።» መለስኩት። «ድገሚው።» ደገምኩት። በሦስተኛው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ይኼን ነበር እንዴ ይዞልኝ የመጣው?» አለች። «እኔ እኮ ወረወርኩት! እኔ እኮ ግቢ ላይ ወረወርኩት!»

ብድግ አልኩ፤ የምሄድበት ግን የለም። አለቀስኩ። እሷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተባረርኩ ብላ ኖረች፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦታዋን ይዞላት ኖረ። አንድ ቤት ውስጥ! አንዱ አፉን ቢከፍት ምን ነበረበት?

ሲወጣላት ፊቷን ጠራረገችና ወደ ጠጋኙ ዞረች።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር እኔንም ይቀዳኛል? ከአባቷ ጋር?»

«በእሱ ላይ ከቀዳን እሳቸው ይጠፋሉ፣ እማማ» አላት። «በስልክ ይሻላል። ቴፑ ይናገራል፣ እርስዎ ይመልሳሉ፣ ስልኩ ሁለታችሁንም ይይዛል።»

ስልኬን ከቴፑ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጠጋኙ ልጅ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ በሩን መለስ አደረገ፤ ጣቱንም ወደ ላይ አንሥቶ፣ ምስኪን ምን ያውቃል፣ «እንግዲህ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ።

እናቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ውጣ» አለችው።

«እማማ፣ ሱቁ እኮ የኔ ነው!»

«ውጣ አልኩህ!»

ከገዛ ሱቁ ወጣ። በሩን ዘግቼበት ስመለስ በስንጥቁ ይታየኛል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያካል። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

«አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩና ተጫንኩት።

«ጌታዬ ዳኛ» አለ አባቴ፤ ቆም አለ።

«እህ» አለች እናቴ።