በፊውዝ ፈንታ ምስማር

መጥፎ ምሳሌ ጥሩ አስተማሪ ነው ይባላል። ውሸት ነው። የኤሌክትሪክ ሠልጣኞቼን ጊደር መጋላ ገበያ ወስጄ፣ በፊውዝ ፈንታ ምስማር የገባበትን የአንድ ቅመም ነጋዴ ወፍጮ አሳየኋቸው።

«ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው» አልኳቸው።

ነጋዴው ሳቀብኝ። «መምህር፣ የእኔ ምስማር ዐሥር ዓመቱ ነው። ወላሂ፣ አንድም ቀን ተቃጥሎ አያውቅም!»

ሠልጣኞቹ ይህን በአድናቆት ደብተራቸው ላይ አሰፈሩት፤ እኔ ያልኩትን ግን ማንም አልጻፈም። በፈተናው ቀን «ለወፍጮ የትኛው ፊውዝ ይሻላል?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ «ምስማር፤ አይቃጠልም» ብሎ መለሰልኝ።

ጣልኩት። ነጋዴው ግን በሳምንቱ ቀጠረው። አሁን ፈላና በር አካባቢ፣ የነጋዴው ስድስት ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ መስመር እየዘረጋ ነው። ሁለቱንም ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። ነጋዴውን የምታውቁት ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ሥራውን አስቁሙልኝ።