በሚካኤል ብዬ የማልኩበት ውሃ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ጦር ሜዳውን ንገሪን» እያሉ ስለጨቀጨቁኝ ነው የማወራው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች። ነገር ካዞርኩባችሁ ታገሡኝ። እግሬም ምላሴም መዞር ይወዳሉ።

በድንበሩ ጦርነት ከየካ ሚካኤል ሰፈር ዘመትኩ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ የምወርድ ሴት ስለነበርኩ፣ ሸክም ትችላለች ተብዬ የጋንታችን ውሃ አመላላሽ ሆንኩ። የያዝነው ኮረብታ ዛፍ አልነበረውም። ድንጋይና ፀሐይ ብቻ።

ከመካከላችን ደረጀ የሚባል የቀበና ልጅ ነበር፤ ጴንጤ ነው። አንገቱ ላይ ማተብ ስላላሰረ ይቀልዱበታል።

«አንተ ማተብ የለሽ፣ ማን ይመንህ?»

«ካላመናችሁኝ ጥይቴን ቁጠሩ» ይላል እየሳቀ።

«እስቲ እናቴ ትሙት በል!»

«አልምልም።»

ይሄ ነገር ይገርመኝ ነበር። ሰው እንዴት ሳይምል ይኖራል? እኔ ለጨውም ለሽንኩርትም በሚካኤል ስምል ያደግሁ ነኝ። አንድ ቀን «የሃይማኖታችሁ ሕግ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የራሴ ነው፣ እትዬ» አለኝ።

አንድ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ጊዜ መለስናቸው። መድፉ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ ዘጋብን። ቀትር ላይ ጀሪካኔ ውስጥ የቀረው ለማታ የተመደበ ውሃ ነበር፤ ለአንድ ሰው አንድ የኮዳ ክዳን።

ከምሽጋችን ፊት የወደቀ አንድ የጠላት ወታደር ጎትተን አስገባን። ታፋውን ተመቷል። ማተቡ እንደኔው ጥቁር ነው። «ማይ፣ ማይ» አለኝ፤ ውሃ ማለቱ ነው።

ጀሪካኑን ወደ ኋላዬ አሸሸሁ። «በሚካኤል፣ ጠብታ የለኝም» አልኩት።

ሁሉም ውሃው እንዳለ ያውቃሉ። ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በሩቅ አገር የሚያውቀውን ሰው እንዳገኘ አድርጎ ነው ያየኝ።

«እትዬ፣ የእኔን ድርሻ አሁን ስጪኝ።»

«የማታው ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ቀዳሁለት። የምርኮኛውን ራስ ደግፎ አጠጣው።

«አንተስ?» አለው የጋንታ መሪያችን።

«እኔማ ጠምቶኛል። ግን እስከ ማታ እችላለሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ አራተኛው ማጥቃት መጣ። ደረጀ መትረየሱ ላይ እንዳለ ወደቀ። ሲመሽ ሙታኖቻችንን ቆጠርን፤ ስድስት ነበሩ። አንዱ ወታደር «ይሄ ማተብ የለውም፣ የት እንቅበረው?» ሲል የጋንታ መሪያችን «መሃል» አለ። ምርኮኛው በሕይወት ወደ ኋላ ተላከ።

ይህን ውሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ውሃውን የያዝኩት ለወንድሞቼ ነው፤ በዚያ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። ግን «አልሰጥህም» ማለት ስችል መልአኩን ለምን ጠራሁት?

ከዓመታት በኋላ እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ ስወርድ፣ ጠያይቄ ቀበና እህቱ ቤት ገባሁ። «ወንድምሽ ቅዱስ ሰው ነበር» አልኳት። «አይደለም» ብላ ራሷን ነቀነቀችና ነገረችኝ። ከመዝመቱ በፊት ለዘመድ አድልቶ፣ ፍርድ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ምሎ በሐሰት መስክሮ ነበር። አንዲት ጎረቤታቸው በእሱ ቃል ከቤቷ እንድትወጣ ተፈረደባት። ማንም አልነቃበትም ነበር። እሑድ በጸሎት ቤታቸው ጉባኤ መሃል ተነሥቶ ጥፋቱን የተናገረው ራሱ ነው።