ሁለተኛው መሐላ

በ1979 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው። የሮማ ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር።

ባለቤቴ በፊተኛው ዓመት፣ ከስድስት ዓመት መለያየት በኋላ በሱዳን ዞሮ ደረሰልኝ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። በወሩ ግን ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ብቻዬን ስኖር ወንድ አለመቅረቤን ወንጌል ላይ እጄን ጭኜ እንድምል አደረገ። ማልኩ። ዓመት ሳይሞላ እንደገና "ማይ" አለኝ።

"እምቢ ካልሽ ልጃችንን አገር ቤት ለእናቴ እልካታለሁ።"

ቀጠሮው እንደ እኔ ያሉ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት በሆነው በሐሙስ ከሰዓት ተያዘ። ረቡዕ በምሠራበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ታች ቤት አንድ አዛውንት የምታስታምም ህንዳዊት ዓይኔን አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"እንደ ንግሥታችን አደረገሽ እኮ!" አለች።

ታሪኩን አውቀው ነበር። አዲስ አበባ ህንዳዊው የሒሳብ መምህራችን አውርቶልናል። ንግሥቲቱ ከጠላፊዋ ስትመለስ ባሏ ጠረጠራት፤ እሳት ውስጥ ገብታ ሳትቃጠል ወጣች። "ጨዋ ሴት እንዲህ ናት" ብሎን አጨብጭበናል።

ይህን ስነግራት ህንዳዊቷ ሳቀች። "መምህርሽማ ወንድ ነው፣ ታሪኩን እሳቱ ላይ ያቆማል። እናቴ ሩዝ ስትተክል እስከ መጨረሻው ነበር የምትዘፍነው። ባልየው ሁለተኛ ፈተና አመጣ። ንግሥቲቱ ምድርን 'ውሰጂኝ' አለቻት፤ ምድር ተከፍታ ዋጠቻት። እሱ ባዶ እጁን ቀረ።"

ባዶ እጁን መቅረቱን ወደድኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሳጣጥመው ዋልኩ። እኔ ግን ልጅ አለችኝ፤ ምድር አልገባም።

ሐሙስ ፒኜቶ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታችን በሰው ሞላች። ወንጌሉ ቀረበ።

"አሎራ፣ እንግዲህ በይ ልጄ፣ ጾመኛ ነን፣ አታቆዪን" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"አባቴ፣ እኔ አምና ምያለሁ። እሱ ካርቱም ሁለት ዓመት ብቻውን ተቀምጧል። እሱ ይማልና እኔ እደግማለሁ።"

"ወንድ ደግሞ ይህን ይጠየቃል?" አለ ባለቤቴ።

"ወንጌሉ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ና እጅህን ጫን" አሉት።

እጁን ዘረጋ። ሳይነካው መለሰ። ሁሉም አየ፤ እኔም ዓይኔን አልነቀልኩለትም። ሽማግሌው መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቀለሉ።

"ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች" ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለፔርሜሶው፣ በእኔ በኩል ለሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የምፈርምለትን ወረቀት ሳልፈርም አጥፌ ኮቱ ኪስ ከተትኩት። "ስትምል እፈርማለሁ" አልኩት። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ሁለት ጧፍ አበራሁ። አንዱ የህንዳዊቷ ነው።